ሂማቶፖይሲስ፦ ደም ማመንጨት

ሂማቶፖይሲስ በሕክምና ትምህርት ቤት ዘወትር የሚነሳ፣ ከግቢው ውጭ ግን እምብዛም የማይሰማ ቃል ነው። ከሁለት የግሪክ ቃላት የተሠራ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ደም፣ ሁለተኛው መሥራት ማለት ነው። በአጥንት ውስጥ ያለው መቅኒ የደም ህዋሳትን ያለማቋረጥ እየሠራ ወደ ደም ሥር የሚልክበትን ሂደት ይገልጻል። በአማርኛ «ደም ማመንጨት» ብንለው ይስማማል።

«ደም መተካት» የሚል የቆየ አነጋገር እንዳለን አይዘነጋም። ለአራስ ገንፎ ሲቀርብላት፣ ለታመመ ሰው ቀይ ሥር ሲሰጠው «ደም ይተካል» እንላለን። ይህ ግን የጎደለን መመለስ ነው፤ መቅኒ ደግሞ ጉድለት እስኪመጣ አይጠብቅም። አንድ ቀይ የደም ህዋስ የሚኖረው 120 ቀን ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ አንዳች ያልነካው ጤነኛ ሰው እንኳ በየሰከንዱ 2 ሚሊዮን ያህል አዳዲስ ቀይ ህዋሳት ያስፈልጉታል። ሳያቋርጥ ከውስጥ ለሚወጣ ነገር «ማመንጨት» ተገቢው ቃል ነው።

የሚመነጨው የት ነው?

አዋቂ ሰው 206 አጥንቶች አሉት። አጥንት ሰውነትን ያቆማል፤ ከጡንቻ ጋር ሆኖ ያንቀሳቅሳል፤ አንጎልን፣ ልብንና ሳንባን ይከልላል። በሰውነታችን ካለው ካልሲየም 99 በመቶው የተከማቸውም በአጥንትና በጥርስ ውስጥ ነው። ደም ማመንጨት ከእነዚህ እኩል ሊቆጠር የሚገባው ሥራ ነው፤ የአጥንትም አሠራር ለዚህ የተመቸ ነው።

ጎንደር ውስጥ በፋሲካ ቅርጫ ላይ በሬው ሲበለት ልብ ብሎ የተመለከተ ሰው ይህን በዓይኑ አይቶታል። ቅልጥሙ በምሳር ሲከፈት ግድግዳው ድፍንና ጠንካራ ነው፤ ከመሀሉ የሚወጣው መቅኒ ግን ወደ ቢጫ ያደላ፣ ስብ የበዛበት ነው። የአከርካሪው አጥንት ሲሰነጠቅ ደግሞ ውስጡ እንደ ማር እንጀራ በቀዳዳ የተሞላ ነው፤ በቀዳዳዎቹ ውስጥ የሚታየውም ቀይ ነው። ደም የሚመነጨው ከዚህ ከቀዩ መቅኒ ነው።

በሰውም እንዲሁ ነው። ሕፃን ሲወለድ መቅኒው ከሞላ ጎደል ቀይ ነው። ዕድሜው ሲገፋ በእጅና በእግር ረጃጅም አጥንቶች መሀል ያለው ወደ ቢጫ ይለወጣል፤ ቀዩ በአከርካሪ፣ በጎድን፣ በደረት፣ በዳሌና በራስ ቅል አጥንቶች፣ እንዲሁም በጭንና በክንድ አጥንት የላይኛው ጫፍ ይቀራል። በቀዩ መቅኒ ውስጥ ግንድ ህዋሳት አሉ። ከእነርሱም ኦክስጅን የሚሸከሙት ቀይ ህዋሳት፣ በሽታን የሚከላከሉት ነጭ ህዋሳትና ደም እንዲረጋ የሚያደርጉት ፕሌትሌቶች ይገኛሉ።

ስሜን ላይ የታየው

መቅኒ ምን ያህል ቀይ ህዋስ እንደሚያመነጭ የሚወስነው በዋናነት ኩላሊት ነው። ኩላሊት ኦክስጅን ማነሱን ሲያውቅ ኤሪትሮፖየቲን የተባለ ሆርሞን ይለቃል፤ መቅኒውም ምርቱን ይጨምራል። ከቆላ ወደ ደጋ ወጥቶ የሰነበተ ሰው ደሙ የሚበረክተው በዚህ የተነሳ ነው።

ከደባርቅ አልፎ ስሜን ተራሮች ውስጥ 3,530 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ የሚይዘው ኦክስጅን በባሕር ጠረፍ ካለው ሁለት ሦስተኛ ያህል ብቻ ነው። ሲንቲያ ቢል የተባሉት አሜሪካዊት ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በአምባራስ አካባቢ የሚኖሩ ሰዎችን መርምረው እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱን አሳተሙ። በቀይ ህዋሳት ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን በአማካይ በዴሲሊትር ደም ለወንዶች 15.9፣ ለሴቶች 15.0 ግራም ሆኖ ተገኘ። ይህ ዝቅ ባለ ቦታ ከሚኖር ጤነኛ ሰው ጋር የሚቀራረብ ነው። በደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች የሚኖሩ ሰዎች ግን በተመሳሳይ ከፍታ ሄሞግሎቢናቸው በጣም ይጨምራል፤ ደም ከመጠን በላይ ሲወፍርም ልብ ይጨነቃል። የስሜን ገበሬ ዳገቱ ላይ እያረሰ ሲኖር መቅኒው ከልክ ሳያልፍ ያመነጫል። ብዙ ደም ማመንጨት ሁልጊዜ ጥንካሬ እንዳልሆነ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ምሳሌ ማግኘት ይቸግራል።

ምንጩ ሲታመም

ከእነዚሁ ደጋዎች ብዙ ወጣቶች ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ ይወርዳሉ። እዚያ የአሸዋ ዝንብ ስትነድፋቸው የካላዛር ተውሳክ ሊይዛቸው ይችላል። ተውሳኩ በጣፊያ፣ በጉበትና በመቅኒ ውስጥ ይራባል። ጣፊያው ያብጣል፤ የደም ህዋሳትም ያንሳሉ። ታማሚው ይገረጣል፣ ሌላ በሽታ በቀላሉ ያጠቃዋል፣ ይነስረዋል። እ.ኤ.አ. በ1954 የጤና ባለሙያዎች ማሠልጠኛ ሆኖ የተጀመረው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ዛሬ ሆስፒታሉ ካላዛርን ከሚያክሙ የአገሪቱ ዋና ማዕከላት አንዱ ነው።

ሐኪሙ ተውሳኩን ከሚፈልግባቸው ቦታዎች አንዱ መቅኒ ነው። ቆዳውን በመርፌ ካደነዘዘ በኋላ ወፍራም መርፌ ወደ ዳሌ ወይም ወደ ደረት አጥንት ያስገባል፤ ጥቂት ጠብታ መቅኒ ይስባል። መቅኒው በመስታወት ላይ በስሱ ተቀብቶ፣ በቀለም ተነክሮ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ከቆላ ተመልሶ ከሁለት ሳምንት በላይ ትኩሳት ያልለቀቀው፣ የከሳና በግራ ጎኑ ሆዱ ያበጠ ሰው ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም ይሂድ፤ ካላዛር ካልታከመ ይገድላል።

ቃሉ ሲለመድ

ከቃሉ ሌሎች ስያሜዎች ይወጣሉ፦ ደም አመንጪ መቅኒ፣ ደም አመንጪ ግንድ ህዋስ፣ ደም የማመንጨት ድክመት። ከሁሉ በላይ ግን «ደም ማነስ» የሚለውን ስም በትክክል እንድንረዳ ያግዘናል። ደም ማነስ ውጤት ነው፤ ምክንያቱ ብዙ ነው። በወሊድ ወይም በመንጠቆ ትል የተነሳ ደም ይፈስሳል። ወባ ቀይ ህዋሳትን ያፈርሳል። ብረት፣ ፎሌት ወይም ቫይታሚን ቢ12 ሲጎድል፣ ኩላሊት ሲታመም፣ ወይም መቅኒው ራሱ ሲጎዳ ደግሞ ማመንጨቱ ይደክማል። ቀይ ሥርና ገንፎ እነዚህን ሁሉ አያድኑም፤ መድኃኒቱ እንደ ምክንያቱ ይለያያል። ስለዚህ ደምህ አንሷል የተባለ ሰው ሐኪሙን እንዲህ ብሎ ይጠይቅ፦ «ደሜ ያነሰው ፈስሶ ነው፣ ፈርሶ ነው፣ ወይስ አልመነጭ ብሎ?»