ዋይፋይና የቤት ግድግዳ

ዋይፋይ ኮምፒውተሮችንና ስልኮችን በሬዲዮ ሞገድ የሚያገናኝ የአጭር ርቀት መረብ ነው። ሞገዱን የሚያሠራጨው ራውተር የተሰኘው መሣሪያ ኢንተርኔትን ከቴሌኮም መሥመር ይቀበላል፤ መሥመሩ ከተቋረጠ ምልክቱ ሙሉ ሆኖ ቢታይም ኢንተርኔት አይኖርም።

ሞገዱ በአብዛኛው በ2.4 ወይም በ5 ጊጋኸርዝ ይጓዛል። የመጀመሪያው ራቅ ብሎ ይደርሳል፤ ሁለተኛው ቢፈጥንም ግድግዳ ቶሎ ያደክመዋል። በፍኖተ ሰላምም ሆነ በቡሬ ከተማ ቆርቆሮ ለከለለው ሱቅ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም፤ ብረት ሞገዱን መልሶ ያንጸባርቃል። የጭቃ ግድግዳም፣ በተለይ ክረምት እርጥበት ሲይዝ፣ ያዳክመዋል። ራውተሩን ከፍ አድርጎ በቤቱ መካከል ማስቀመጥ ይበጃል፤ ብዙዎች ግን ቁም ሣጥን ውስጥ ይደብቁታል።

መሥመር በማይደርስባቸው የገጠር ቀበሌዎች፣ የሞባይል ኔትወርክ እስካለ ድረስ፣ የአንድ ገበሬ ስልክ በሆትስፖት ለጎረቤት ራውተር ይሆናል። የይለፍ ቃል ካልተደረገበት ግን ማንም አላፊ የባለቤቱን የኢንተርኔት ጥቅል ሊጨርስበት ይችላል።