ብቻቸውን ወጥተው ከጀማዓ ጋር የሄዱ
ከሐይቅና ከአምባሰል ወደ መካ

በሐይቅና በአምባሰል አንድ ሰው አንዴ «ሐጂ» ከተባለ ልጆቹና የልጅ ልጆቹ ሳይቀሩ «የሐጂ እገሌ ቤት» እየተባሉ ይኖራሉ። ይህ ለክብር ብቻ የመጣ ልማድ አይደለም። በአያቶቻችን ዘመን ከዚህ ደጋ ተነስቶ መካን ረግጦ በሰላም የተመለሰ ሰው ጥቂት ስለነበረ ነው። ያ ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ወጣት አልነበረም። ልጆቹን ድሮ፣ ዕዳውን ከፍሎ፣ ከብቱን አከፋፍሎ፣ ጢሙ ሲሸብት ነው የሚነሳው። ሚስቱን አስከትሎ ለመሄድ ስንቁ አይበቃም፤ ልጁን ይዞ ቢሄድ በሬውን ማን ይጠምዳል? ስለዚህ ከቤቱ ብቻውን ይወጣል። ብቻውን ይውጣ እንጂ ብቻውን አይሄድም ነበር።

የተከበራችሁ አንባብያን፣ በዚህ ጽሑፍ ላነሳ የፈለግሁት የእነዚህን ሰዎች ጉዞ ነው። ምክንያቱም ዛሬም በየቤታችን «እናታችን ሸምግላለች፣ ብቻዋን እንዴት እንልካታለን?» የሚል ክርክር አለ። ክርክሩ አዲስ ይመስለናል እንጂ አዲስ አይደለም።

ሐጅ ከመጀመሪያው የጀማዓ ጉዞ ነው። በ9ኛው ዓመተ ሂጅራ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አቡበክርን (ረ.ዐ.) የሐጅ አሚር አድርገው ሦስት መቶ ያህል ሰዎችን አስከትለው ወደ መካ ልከዋቸዋል። ሦስት ሰዎች እንኳ ለጉዞ ቢወጡ አንዱን አሚራቸው እንዲያደርጉ አስተምረዋል፤ ብቻውን በሌሊት የሚጓዝንም አስጠንቅቀዋል። ከዚያ በኋላ ከደማስቆ፣ ከካይሮ፣ ከባግዳድ የሚነሱት ታላላቅ ቅፍለቶች ሁሉ አሚር፣ መንገድ መሪ፣ ጠባቂ ነበራቸው። ኢብን በጡጣ እ.ኤ.አ. በ1325 ከጠንጃ (ከሞሮኮ) ሲነሳ ገና የ21 ዓመት ወጣት ነበር፤ ከቤቱ ብቻውን ወጥቶ በየደረሰበት ከቅፍለት ጋር እየተቀላቀለ ነው መካ የገባው። የእኛም ሰዎች ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ የእኛዎቹ በሃያ ዓመታቸው ሳይሆን በስተርጅና መነሳታቸው ነው።

ለወሎ ሰው በጉባኤ መጓዝ እንግዳ ነገር አይደለም። ለመውሊድ ወደ ጀማ ንጉሥ የሚወጣው ሕዝብ መንዙማውን እያዜመ፣ ስንቁን በጋራ እየበላ፣ አካሄዱ ለደከመው ሽማግሌ ቆሞ እየጠበቀ ነው የሚሄደው። (ስለ ዚያራና ስለ መውሊድ ዑለማዎቻችን የሚሉት ብዙ ነው፤ የዛሬው ጉዳዬ ስላልሆነ አልገባበትም።) እዚያው አምባሰል ውስጥ የክርስቲያን ጎረቤቶቻችን በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ወደ ግሸን ይወጣሉ፤ ከአዲስ አበባና ከሌላም አገር በማኅበር አውቶቡስ ተከራይተው ይመጣሉ፤ በመካከላቸውም ባል የሞተባቸው፣ ልጅ ያልተከተላቸው አሮጊቶች ሞልተዋል። ማንም «ብቻዋን መጣች» ብሎ አያስባቸውም፤ ከማኅበሩ ጋር ናቸውና።

ወደ መካ የሚወስደው መንገድ ግን ሌላ ነበር። ከሐይቅም ይነሳ ከአምባሰል፣ ሽማግሌው መጀመሪያ ደጋውን ለቅቆ ወደ ባቲ ይወርዳል። ባቲ የደጋው ሰውና የአፋሩ አርብቶ አደር የሚገናኙበት ታላቅ ገበያ ነው፤ ጨው የሚያወጡ ግመሎች እህል ጭነው የሚመለሱበት። እዚያ ከነጋዴ ቅፍለት ጋር ይቀላቀላል። አፋርን አቋርጦ ወደ ታጁራ ወይም ወደ አሰብ ይደርሳል፤ አለበለዚያም በሰሜን በኩል ዞሮ ወደ ምጽዋ ይወርዳል። ከዚያ በጀልባ ባሕሩን ተሻግሮ ጅዳ ወይም የየመን ወደብ ላይ ይወርዳል። ስንቁ በሶ፣ ቆሎና ቋንጣ ነው፤ ከስንቁ በታች የታጠፈ ነጭ ጨርቅ አለ፤ ይኸውም ከፈኑ ነው። ከመነሳቱ በፊት ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቦ ቡና ይፈላል፤ ዱዓ ይደረጋል፤ እርሱም በየቤቱ እየዞረ «አፉ በሉኝ» ይላል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለቤተሰቡ የሞተ ያህል ነው። መልእክት የለም። ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ሲቆይ ያልተመለሰ እንደሆነ ሰላተል ጋኢብ ይሰገድለታል።

ይህ ፍርሃት ያለ ምክንያት አልነበረም። በ19ኛው መቶ ዘመን በእነዚሁ ወደቦች የባሪያ ንግድ ይካሄድ ነበር፤ ጠባቂ የሌለው መንገደኛ ተይዞ ሊሸጥ ይችላል። በሽታም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1865 መካ ላይ የገባው ኮሌራ በሺዎች የሚቆጠሩ ሑጃጆችን ገድሎ ከተመላሾቹ ጋር በዓለም ተሰራጭቷል። ከዚህ የተነሳ እ.ኤ.አ. በ1882 ዑስማኒዮች በቀይ ባሕር ደቡብ በኩል ለሚመጡ ሑጃጆች ከመራን ደሴት ላይ የኳራንቲን ጣቢያ አቆሙ። ስለዚህ ሽማግሌ ሰው ቅፍለት ውስጥ መግባቱ ለወግ አልነበረም፤ ቅፍለቱ ማለት ነፍሱ ማለት ነበር። ቢታመም ግመል ላይ የሚጭነው፣ ቢሞት አጥቦ ከፍኖ የሚቀብረው፣ ለልጆቹም ወሬውን የሚያደርስላቸው ያው አብሮት የወጣው ሰው ነው።

በ1870 ዓ.ም. ቦሩ ሜዳ ላይ ከተደረገው ጉባኤ በኋላ አፄ ዮሐንስ የወሎን ሙስሊም ሃይማኖቱን እንዲለውጥ ሲያስገድዱ ጉዞው ሌላ መልክ ያዘ። እንደ ሸኽ ጦልሓ ቢን ጃዕፈር ያሉት ዑለማ በመቃወም ተነሱ፤ ብዙ ሰውም አገሩን ጥሎ ተሰደደ። በዚያ ዘመን ለሐጅ መውጣትና መሰደድ የሚለያዩበት ድንበር ቀጭን ነበር።

መንገዱ የተለወጠው በመኪናና በባቡር ነው። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ሲገባ ወደ ጅቡቲ የሚወርድበት ሌላ በር ተከፈተ። ጣሊያን በወረራው ዘመን ደሴን ከአሰብ የሚያገናኘውን መንገድ ሠራ፤ ሙስሊሙን ለማባበል ብሎም ሑጃጆችን ይረዳ ነበር። ወራሪው ያደረገው ለራሱ ፖለቲካ እንጂ ለአላህ ብሎ አይደለም፤ ሆኖም በዚያ መንገድ የሄደ ሽማግሌ ሐጁን አድርጓል። ይህን መናገር ወራሪውን ማመስገን አይመስለኝም።

ከዚያ በኋላ የመጣው አውሮፕላን የዓመቱን ጉዞ የጥቂት ሰዓት አደረገው። ነገር ግን የእኛ አገር ሰው ወዲያው አልተጠቀመበትም። የ1965 እና የ1966 ዓ.ም. ድርቅ ወሎን ሲመታ ለሐጅ የታሰበው በሬ አለቀ። ቀጥሎ የመጣው የደርግ መንግሥት የሐጅ ጉዞን ገደበ፤ በዓመት የሚፈቀድለት ሰው ጥቂት ነበር። 1977 ዓ.ም. ደግሞ ሌላ ረሃብ መጣ። ስለዚህ በ1983 ዓ.ም. ገደቡ ሲነሳ በየመንደሩ የነበሩት ሐጅ ያላደረጉ ሰዎች የዘገዩ ሳይሆኑ የተከለከሉ ነበሩ፤ በጎልማሳነታቸው ነይተው በሩ ሲከፈት አርጅተው ተገኙ። ከ1983 በኋላ በየዓመቱ በጀማዓ የሚሄዱት የወሎ ሑጃጆች አብዛኛዎቹ አዛውንት የሆኑበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል።

ሴቶችን በተመለከተ ነገሩ ከዚህም ይከብድ ነበር። በአገራችን የሻፊዒና የሐነፊ መዝሀብ ጎን ለጎን ይኖራሉ። በሐነፊ መዝሀብ ሴት ልጅ አሮጊት ብትሆን እንኳ ያለ ባሏ ወይም ያለ መሕረሟ ለሐጅ አትወጣም። ሻፊዒዮች ግን ለግዴታው ሐጅ ታማኝ ሴቶች አብረዋት ካሉ ይበቃል ይላሉ፤ ማሊኪዮችም ታማኝ ጓደኛ ያለበትን ጉዞ ፈቅደዋል። ከሚያነሱት ማስረጃ አንዱ ዑመር (ረ.ዐ.) በኸሊፋነታቸው መጨረሻ የነቢዩን ባለቤቶች ለሐጅ ፈቅደው ዑስማንንና ዐብዱረሕማን ቢን ዐውፍን አብረው መላካቸው ነው። የሳውዲ መንግሥት ለረጅም ጊዜ ዕድሜዋ ከ45 በላይ የሆነች ሴት የቤተሰቧን የፈቃድ ደብዳቤ ይዛ ከተደራጀ ቡድን ጋር እንድትመጣ ይፈቅድ ነበር። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ የሐጅ ሚኒስትሩ ከየትኛውም አገር የምትመጣ ሴት መሕረም እንደማይጠየቅባት አስታወቁ። ሕጉ ተለወጠ እንጂ የመዝሀቦቹ ልዩነት እንዳለ ነው፤ እያንዳንዱ ቤተሰብ የሚከተለውን ዓሊም ይጠይቅ።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ብናገር ይሻላል። ጎረቤቴ የሆኑ እማማ ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል። ሪያድ በሰው ቤት የምትሠራ ልጃቸው ለዓመታት ያጠራቀመችውን ገንዘብ «ለእናቴ ሐጅ» ብላ ላከች። (በ2006 ዓ.ም. ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳውዲ ሲመለሱ የልጅቱ ጓደኞች ባዶ እጃቸውን ገብተዋል፤ የዚህን ገንዘብ ዋጋ የምናውቅ እናውቀዋለን።) ገንዘቡ የደረሰው በ2012 ዓ.ም. ነበር። ኮሮና ገባ፤ በዚያ ዓመትም ሆነ በ2013 ከውጭ አገር ሑጃጅ አልተቀበሉም፤ በ2013 እዚያው ሳውዲ ከሚኖሩት 60 ሺህ ሰዎች ብቻ ናቸው ሐጅ ያደረጉት። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ወደኛ አገር ደረሰ፤ እማማ ቤታቸውን ዘግተው ሲሸሹ የያዙት ያንን ገንዘብ ነበር። ሲመለሱ ለአንድ ሚሊዮን ሰው ሐጅ ተከፈተ ተባለ፤ ግን ከ65 ዓመት በላይ የሆነ አይመጣም። እማማ 67 ሞልቷቸዋል።

በዚያ ጊዜ ወንዱ ልጃቸው እኔ ዘንድ መጣ። «ኡስታዝ፣ እስቲ እርስዎ ይንገሯት። ለሚቀጥለው ዓመት ቢፈቀድስ ብቻዋን የት ትገባለች? ቋንቋ አታውቅ፣ ፊደል አትቆጥር። ሰው እንወክልላት።» እኔም ነገሩ ቀና መሰለኝና የኸስዐም ጎሳዋን ሴት ሐዲስ ጠቅሼ በበደል ማስደረግ እንደሚቻል ነገርኳቸው። እማማ ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ «የዚያች ሴት አባት ምን ሆኖ ነበር?» አሉኝ። «ግመል ላይ መቀመጥ የማይችል ሽማግሌ ነበር» አልኳቸው። «እኔ ገበያ ስወጣ ማን ተሸክሞኝ ያውቃል?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። በደል የሚፈቀደው በራሱ መሄድ ለማይችል መሆኑን ለደረሶች የማስተምረው እኔው ነኝ። እማማ እግር አላቸው፣ ገንዘብ አላቸው፣ መንገዱም ሲከፈት ሰላም ነው። የማይችሉት እሳቸው ሳይሆኑ የፈራነው እኛ ነበርን። ፍርሃታችንን የሸሪዓ ልብስ አልብሰን ነው ያቀረብንላቸው።

በእርግጥ ፍርሃቱ ከመሬት አልተነሳም። መስከረም 13 ቀን 2008 ዓ.ም. ሚና ላይ በደረሰው መጨናነቅ ካለቁት መካከል ኢትዮጵያውያን ነበሩበት። በሰኔ 2016 ዓ.ም. ደግሞ መስጂደል ሐራም አካባቢ ሙቀቱ ከ50 ዲግሪ በላይ ወጥቶ 1,301 ሰዎች መሞታቸውን የሳውዲ መንግሥት ገልጿል። ነገር ግን ያንኑ መግለጫ ልብ ብለን እንየው፤ ከሞቱት 83 በመቶዎቹ ፈቃድ ሳይኖራቸው የመጡ፣ በፀሐይ ረጅም መንገድ በእግራቸው የሄዱ ነበሩ። ድንኳን የሌላቸው፣ አውቶቡስ የማይጠብቃቸው፣ ስማቸው በማንም መዝገብ ያልሰፈረ ማለት ነው። ይህ እንግዲህ ከባቲ ቅፍለት ውጭ የሄደው ሰው ታሪክ ነው። ርካሽ ነው ብሎ ወላጁን በጉብኝት ቪዛ የሚልክ ልጅ ይህን ቁጥር ይያዝ።

ለሽማግሌ የተሰጠው ፈቃድም ብዙ ነው፤ ቡድኑን የሚመራ ሰው ሊያውቀው ይገባል። ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ.) በታመሙ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከሰዎች ኋላ በእንስሳ ተቀምጠው ጠዋፍ እንዲያደርጉ ፈቅደውላቸዋል፤ የዛሬው ባለ ጎማ ወንበር የዚያ ምትክ ነው። ሰውነታቸው ከባድ፣ አካሄዳቸው ዝግ ያለ የነበሩት ሰውዳ (ረ.ዐ.) ሕዝቡ ሳይጋፋ ከሙዝደሊፋ በሌሊት እንዲወጡ ተፈቅዶላቸዋል። ጠጠር መወርወር ያቃተው ሰው ይወክላል። አንዳንድ ጊዜ የእኛ ሽማግሎች «አጅሩ ይቀንስብኛል» እያሉ እነዚህን ፈቃዶች እንቢ ይላሉ፤ ይህን ከቤት ሳይወጡ አስቀድሞ ማስተማር ያስፈልጋል።

በ2015 ዓ.ም. የዕድሜው ገደብ ተነሳ። እማማም ሄዱ። ልጃቸው ስማቸውንና የቡድናቸውን ስልክ በጨርቅ ላይ ጽፎ ከልብሳቸው ውስጥ ሰፋላቸው፤ እሳቸው ደግሞ መንደሩን ዞረው «አፉ በሉኝ» አሉን፤ ከፈናቸውንም ያዙ። ክፍላቸው ውስጥ ከጅማ፣ ከአርሲና ከስልጤ የመጡ፣ እንደሳቸው ልጅ ያልተከተላቸው ሦስት ሴቶች ነበሩ። ከእነርሱ መካከል አማርኛ በደንብ የምትሰማዋ አንዷ ብቻ ነበረች። ወደ ጠዋፍ ሲሄዱ የአራታቸውንም የነጠላ ጫፍ እያያያዙ ነበር የሚሄዱት። ሚና ላይ እማማ አንድ ጊዜ ድንኳኑ ጠፍቷቸው ነበር፤ የአርሲዋ ሴት ወጥታ «ወሎ! ወሎ!» እያለች ስትጣራ አገኘቻቸው።

ሲመለሱ እስከ ሐይቅ መግቢያ ወጥተን ተቀበልናቸው። ዘምዘሙን በስኒ ሲያድሉን ለእኔ ሁለት ጊዜ ቀዱልኝ። ልጃቸው ስልካቸው ላይ ሦስት አዲስ ስም መዘገበላቸው፤ ማንበብ ስለማይችሉ በየስሙ ላይ ምልክት አደረገበት፤ ለአርሲዋ ግመል፣ ለጅማዋ የቡና ጀበና፣ ለስልጤዋ ጨረቃ። ጁምዓ ጁምዓ ከዙህር በኋላ በቤታቸው በኩል ሳልፍ ኦሮምኛ በማያውቅ ሰው አማርኛ ከማያውቅ ሰው ጋር የሚደረገውን ጨዋታ እሰማለሁ።