በአንድ ንብረት ላይ ሁለት በይና ሲቀርብ

ሁለት ሰዎች በአንድ ግመል ተካሰው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ ቀረቡ፤ እርሳቸውም ግመሉን እኩል አካፈሏቸው። አቡ ዳውድ ከአቡ ሙሳ አል-አሽዐሪ (ረ.ዐ) በዘገቡት በዚህ ሐዲስ አንደኛው ዘገባ ሁለቱም ምስክር አቅርበዋል ሲል፣ ሌላው አንዳቸውም በይና (ማስረጃ) አልነበራቸውም ይላል። ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

ንብረቱ በአንደኛው እጅ ሆኖ ሁለቱም ምስክር ቢያቆሙስ? ሻፊዒዮች ለባለይዞታው ይፈርዳሉ፤ ምስክርነቱ እኩል በሆነ ጊዜ ይዞታ ሚዛን ይደፋል ባዮች ናቸው። ሐነፊዮች ግን የከሳሹን በይና ያስቀድማሉ፤ የባለይዞታው ምስክሮች ይዞታው ራሱ ካሳየው በላይ የገለጹት የለምና። በሀገራችን የሁለቱም መዝሀቦች ኪታብ ስለሚቀራ፣ ደረሳው ስለ አንድ ላም ሁለት ፍርድ ቢያገኝ ግራ መጋባቱ አያስገርመንም።

በእኛ አስተያየት የሐነፊዮቹን አቋም ጥልቀት የሚያሳየው «ኒታጅ» የሚሉት ልዩ ጉዳይ ነው። ሁለቱም ወገኖች እንስሳው እነርሱ ዘንድ መወለዱን ካስመሰከሩ ሐነፊዮችም ለባለይዞታው ይፈርዳሉ። የት እንደተወለደ እንስሳውን በእጅ በመያዝ ብቻ አይታወቅም፤ ስለዚህ የባለይዞታው ምስክሮች አሁን አዲስ ነገር ተናግረዋል። እ.ኤ.አ. ከ1869 እስከ 1876 በየክፍሉ የወጣው የዑስማኒያ መጀላ ደንቡንም ልዩ ጉዳዩንም አስፍሯል።