ከካባ ቤት እስከ ሽንት ቤት

ታሪክ ሲባል የነገሥታትና የጦርነት ብቻ የሚመስለን ብዙዎች ነን። ሽንት ቤትም ታሪክ አለው፤ ይልቁንም ስሙ። አትሳቁ፣ ነገሩ የዋዛ አይደለም።

ከሞጆ ወደ ሻሸመኔ በሚወስደው መንገድ፣ ዛሬ ባቱ የምትባለውን ዝዋይን አለፍ ብሎ፣ አዳሚ ቱሉ ላይ አውቶቡስ ቆመ እንበል። ሽማግሌው «ወጣ ብዬ ልምጣ» ይላሉ። ተማሪው «ቶይሌት የት ነው?» ይላል። የአገሩ ሰው «ማና ፊንጫኒ» ብሎ በእጁ ያመለክታል። ይህ የኦሮምኛ ስም ቃል በቃል «ሽንት ቤት» ማለት ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች ቤቱን በሥራው ጠሩት፤ ምንም ሽፍንፍን የለም።

እንግሊዞች ግን ዞረው ዞረው ነው የሚደርሱበት። «ክሎክ» ካባ ነው፤ ቃሉ የመጣውም ደወል ከሚል የመካከለኛው ዘመን ላቲን ነው፤ ካባው ሲለበስ እንደ ደወል ከታች ሰፋ ስለሚል። «ክሎክሩም» እንግዲህ በቴአትር ቤትና በትምህርት ቤት ካባና ካፖርት የሚሰቀልበት ክፍል ነበር። መጸዳጃው ብዙ ጊዜ ከጎኑ ስለሚሠራ፣ ጨዋው እንግሊዛዊ የካባውን ክፍል ስም ለመጸዳጃው አዋሰው። «ቶይሌት»ም ከፈረንሳይኛ ሲመጣ ትንሽ ጨርቅ፣ ኋላም የመኳኳያ ጠረጴዛ ልብስ ነበር። አሜሪካኖች ደግሞ «ሬስትሩም» አሉት፤ የዕረፍት ክፍል! እ.ኤ.አ. በ1851 በለንደኑ ታላቅ ኤግዚቢሽን ጆርጅ ጄኒንግስ የሕዝብ መጸዳጃ ሠርቶ በአንድ ፔኒ አስገባ። ከፍሎ መግባት ልማድ ሲሆን «አንድ ፔኒ ማውጣት» ራሱ መሸፈኛ አነጋገር ሆነ።

ታዲያ እኛ ዘንድ የካባ ክፍል ስም ለምን አልተወለደም? ልብሳችን ደጅ ላይ የሚቀር አልነበረማ! በጌታ ፊት የቀረበ ሰው ሸማውን ታጥቆ ያደገድጋል እንጂ አውልቆ አይሰቅልም። ጌታና ሎሌ የሚለየው በአለባበሱ ነበር። ደጅ የሚቀረው ጫማ ነው፤ እሱም በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ።

መሸፈኑንስ እኛም እንችልበታለን። «ዓይነ ምድር» እንላለን። «ውጭ መውጣት» ስንል ቤት ሳይኖር ሜዳው ያገለገለበትን ዘመን ሳናውቀው እንናገራለን። «መጸዳጃ» ደግሞ ከጽዳት ይነሣል።

የባዕድ ቃል አይግባ ማለቴ አይደለም። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ የፈረንሳይኛው «ላ ጋር» «ለገሃር» ሆኖ ቀረ፤ ሕዝቡ በአፉ አሽቶ የራሱ አደረገው። ችግሩ ያልታሸው ቃል በር ላይ ሲለጠፍ ነው። ለጉዳይ ከገጠር የመጣ ገበሬ በእንግሊዝኛ ብቻ የተጻፈ በር ፊት ቆሞ ይጨነቃል። ሥዕሉ እንኳ ሱሪና ቀሚስ ነው፤ ሽርጥ ያገለደመው የስምጥ ሸለቆ ሰው በየትኛው ይግባ? ልጃገረድ ደግሞ ለመጠየቅ አፍራ እንዳመጣጧ ትመለሳለች።

እንግሊዛዊው ስሙን የሸፈነው ቤቱ መኖሩን እያወቀ ነው። እኛ ቤቱ በሌለበት፣ ወይም ቁልፍ በተንጠለጠለበት፣ ስሙን ብናሳምር ማንን እንሸፍናለን? በአማርኛና በኦሮምኛ በግልጽ ይጻፍ፤ በሩም ይከፈት፤ ውኃም ይኑረው።