የቤንዚን ሞተር የውስጥ ጋዝ ማስወጫ ቫልቭ (ፒሲቪ)፦ የሚገኝበት ቦታ፣ ፍተሻውና አቀያየሩ

የቤንዚን ተሽከርካሪ ባለንብረቶች ለዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራ ሲዘጋጁ ከሚያሳስቧቸው ጉድለቶች መካከል ከሞተር የሚንጠባጠብ ዘይትና ከማርሚታ የሚወጣ ሰማያዊ ጭስ ይገኙበታል። እነዚህ ምልክቶች ሲታዩ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚሰነዘረው አስተያየት “ሞተሩ አርጅቷል፤ ወርዶ መታደስ አለበት” የሚል ነው። ይሁንና የችግሩ መነሻ አንዳንድ ጊዜ የአውራ ጣት ያህል መጠን ያለው፣ ዋጋውም ከሞተር እድሳት ጋር የማይወዳደር አንድ መለዋወጫ ሊሆን ይችላል። ይህም በተለምዶ ፒሲቪ ቫልቭ ተብሎ የሚጠራው የሞተር የውስጥ ጋዝ ማስወጫ ቫልቭ ነው። ይህ ጽሑፍ ባለንብረቶች ከፍተኛ ወጪ ከማውጣታቸው በፊት ቫልቩን እንዲለዩ፣ እንዲፈትሹና አስፈላጊ ሲሆን እንዲያስቀይሩ ለማገዝ የተዘጋጀ ነው።

1. የቫልቩ አገልግሎት

በሲሊንደር ውስጥ ነዳጅና አየር ሲቃጠሉ ከሚፈጠረው ጋዝ ጥቂቱ በፒስተኑና በፋሻዎቹ ዙሪያ ሾልኮ ወደ ሞተሩ የታችኛው ክፍል ይወርዳል። ይህ በአዲስ ሞተርም ላይ የሚከሰት ነው። ጋዙ ያልተቃጠለ ነዳጅና የውሃ እንፋሎት ስለሚይዝ መውጫ ካላገኘ ግፊት ይፈጥራል፤ ዘይቱንም ያበላሻል።

በቀድሞ ዘመን ይህ ጋዝ በቱቦ አማካኝነት በቀጥታ ወደ ውጭ አየር ይለቀቅ ነበር። በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ግዛት እየተባባሰ የመጣው የአየር ብክለት አሠራሩ እንዲለወጥ ግድ በማለቱ፣ እ.ኤ.አ. ከ1961 ሞዴል ጀምሮ በግዛቱ በተሸጡ አዳዲስ መኪናዎች ላይ ጋዙን ወደ ሞተሩ መልሶ የሚያቃጥል ሥርዓት ተገጠመ። ሥርዓቱ ከዚያ ወዲህ በመላው ዓለም የቤንዚን ሞተሮች የጋራ አካል ሆኗል።

ቫልቩ በውስጡ ስፕሪንግና ተንቀሳቃሽ ዘንግ አለው። ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ በአየር ማስገቢያው ውስጥ ያለው የመሳብ ኃይል ከፍተኛ ስለሆነ ዘንጉ ተስቦ መተላለፊያውን ያጠብበዋል፤ በመደበኛ ጉዞ ላይ ደግሞ መተላለፊያው ሰፍቶ ብዙ ጋዝ ያሳልፋል። እሳት ወደ አየር ማስገቢያው ወደ ኋላ ቢመለስ ቫልቩ ተዘግቶ ነበልባሉ ወደ ሞተሩ የታችኛው ክፍል እንዳይደርስ ይከላከላል።

2. የብልሽት ምልክቶች

ቫልቩ በጥቀርሻ ተዘግቶ ሲቀር፦

• በሞተሩ ውስጥ ግፊት ስለሚጨምር ዘይት በጓርኒሲዮንና በዘይት መከላከያ ጎማዎች በኩል ይወጣል፤
• ዘይት ወደ አየር ማጣሪያው ክፍል ተገፍቶ ማጣሪያውን ያረጥበዋል፤
• ዘይቱ ቶሎ ይጠቁራል፤ ዝቃጭም ይበዛበታል።

ቫልቩ ተከፍቶ ሲቀር ወይም ቱቦው ሲሰነጠቅ፦

• ያልተለካ አየር ስለሚገባ ሞተሩ በሚኒሞ ላይ ይንቀጠቀጣል ወይም ይጠፋል፤
• የሞተር ማስጠንቀቂያ መብራት ሊበራ ይችላል፤
• ቫልቩ ከመጠን በላይ የሚያሳልፍ ከሆነ ዘይት አብሮ ተስቦ ይቃጠላል፤ ሰማያዊ ጭስም ይታያል።

በትራፊክ መጨናነቅ ውስጥ በአጫጭር ጉዞዎች ብቻ የሚያገለግሉ ተሽከርካሪዎች ለዚህ ችግር ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው። ሞተሩ በበቂ ሁኔታ ሳይሞቅ ስለሚጠፋ የውሃ እንፋሎቱ ከዘይቱ ጋር ተቀላቅሎ ይረጋል። በዘይት መሙያው ክዳን ሥር ወተት የመሰለ አረፋ የሚታየው በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ሆኖም የማቀዝቀዣው ውሃ አብሮ የሚጎድል ከሆነ የቴስታታ ጓርኒሲዮን መመርመር ይኖርበታል።

3. የቫልቩ መገኛ

በአብዛኞቹ የቤንዚን ሞተሮች ላይ ቫልቩ የሚገኘው ከቴስታታው በላይ ባለው የሞተር ክዳን ላይ ነው። በቀላሉ ለማግኘት ከአየር ማስገቢያው ተነስቶ ወደዚህ ክዳን የሚሄደውን መካከለኛ ውፍረት ያለው የጎማ ቱቦ መከተል በቂ ነው። ከክዳኑ ወደ አየር ማጣሪያው የሚሄደው ሌላኛው ቱቦ ንጹሕ አየር የሚገባበት በመሆኑ ከዚህኛው ጋር ሊምታታ አይገባም።

በአገራችን መንገዶች ላይ በብዛት የሚታየው ቶዮታ ኮሮላ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። 4ኤ-ኤፍኢ ሞተር ባላቸው የቀድሞ ሞዴሎች ቫልቩ በክዳኑ ላይ ባለ የጎማ ቀለበት ውስጥ ተጭኖ የሚገባ ነው። 1ዜድዜድ-ኤፍኢ ሞተር ባላቸው ሞዴሎች ደግሞ በጥርስ የሚታሰር ነው። በአንዳንድ አዳዲስ ሞተሮች ቫልቩ ከክዳኑ ጋር አንድ ሆኖ የተሠራ በመሆኑ ለብቻው አይቀየርም። የናፍጣ ሞተሮች የጋዝ ማስወጫ ሥርዓት የተለየ በመሆኑ ይህ መመሪያ እነርሱን አይመለከትም።

4. ከመቀየር በፊት የሚደረግ ፍተሻ

ሀ) ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ ከቫልቩ ጋር የተያያዘው ቱቦ በፒንሳ በዝግታ ይጨመቃል። ጤናማ ቫልቭ “ጠቅ” የሚል ድምፅ ያሰማል፤ ቱቦው እንዳይቀደድ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

ለ) ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ የዘይት መሙያው ክዳን ተነሥቶ በቀዳዳው ላይ ቀጭን ወረቀት ይቀመጣል። ሥርዓቱ በትክክል ከሠራ ወረቀቱ ወደ ውስጥ ይሳባል፤ ወደ ላይ የሚገፋ ከሆነ በውስጡ ግፊት መኖሩን ያመለክታል።

ሐ) ቫልቩ ተነቅሎ በሞተሩ በኩል ባለው ጫፍ ላይ በንጹሕ ቱቦ አማካኝነት ሲነፋበት አየር በቀላሉ ማለፍ፣ በአየር ማስገቢያው በኩል ሲነፋበት ደግሞ በአስቸጋሪ ሁኔታ ብቻ ማለፍ ይኖርበታል። በቫልቩ ውስጥ ያለው የነዳጅ ቅሪት ለጤና ጎጂ ስለሆነ አየር በአፍ መሳብ ፈጽሞ የተከለከለ ነው።

ቫልቩ ሲነቀነቅ ድምፅ ማሰማቱ ዘንጉ እንዳልተጣበቀ ያሳያል እንጂ ስፕሪንጉ እንዳልደከመ ማረጋገጫ አይሆንም።

5. የአቀያየር ቅደም ተከተል

1) ተሽከርካሪው በሜዳማ ቦታ ይቆማል፤ የእጅ ፍሬን ይያዛል፤ ሞተሩ ጠፍቶ እስኪበርድ ይጠበቃል።
2) በሞተሩ ላይ የፕላስቲክ መሸፈኛ ካለ ይነሳል፤ ቆሻሻ ወደ ውስጥ እንዳይገባ የቫልቩ ዙሪያ በጨርቅ ይጸዳል።
3) የቱቦው ፋሸታ በፒንሳ ላልቶ ቱቦው እየተሽከረከረ በዝግታ ይወጣል።
4) በጎማ ቀለበት የተያዘው ዓይነት በእጅ እየተሽከረከረ ይሳባል፤ በጥርስ የታሰረው በትክክለኛ ቁጥር ቁልፍ ይፈታል። የደረቀ ጎማ ቢሰበር ስብርባሪው ወደ ሞተሩ ውስጥ መውደቅ የለበትም።
5) ቱቦውና የጎማ ቀለበቱ ይታያሉ፤ የደረቁ፣ የተሰነጠቁ ወይም በዘይት ያበጡ ከሆነ አብረው ይቀየራሉ።
6) አዲሱ ቫልቭ ከአሮጌው ጋር ጎን ለጎን ተነጻጽሮ አቅጣጫው ሳይገለበጥ ይገጠማል። በጥርስ የሚታሰረው ከመጠን በላይ ሊጠብቅ አይገባም፤ የክዳኑ ጥርስ ሊበላሽ ይችላልና።
7) ቱቦውና ፋሸታው ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ፤ ሞተሩ ተነሥቶ የአየር መሳብ ድምፅ ወይም የዘይት መውጣት አለመኖሩ ይታያል።

አዲስ ቫልቭ ሲገዛ የተሽከርካሪውን ዓመተ ምርት፣ የሞተር ዓይነትና የሻንሲ ቁጥር ይዞ መቅረብ ያስፈልጋል። መልኩ ተመሳሳይ ቢሆንም የሚያሳልፈው የአየር መጠን የተለየ ቫልቭ መግጠም ችግሩን ከመፍታት ይልቅ ሌላ ችግር ያስከትላል።

6. ቫልቩ ተቀይሮም ችግሩ ካልተወገደ

አዲስ ቫልቭ ተገጥሞና ቱቦዎቹ ክፍት መሆናቸው ተረጋግጦ፣ በዘይት መሙያው በኩል ጭስ በኃይል መውጣቱን ከቀጠለ ፋሻዎቹ ወይም ሲሊንደሩ ተበልተው ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ ባለንብረቱ ሞተሩ እንዲወርድ ከመስማማቱ በፊት የእያንዳንዱ ሲሊንደር የኮምፕሬሽን ልኬት እንዲወሰድና ውጤቱ በጽሑፍ እንዲሰጠው ጋራዡን መጠየቅ ይኖርበታል።

7. ከዓመታዊ ምርመራ ጋር ያለው ግንኙነት

የተሽከርካሪዎች ምርመራ በአዋጅ ቁጥር 681/2002 የተደነገገ ሲሆን፣ ዓላማውም የመንገድ ላይ ደኅንነትን ማስጠበቅ ነው። በሞተሩ ላይ የሚታይ የዘይት መፍሰስ ለመንገዱም ለተሽከርካሪውም አደጋ ነው፤ ትኩስ ማርሚታ ላይ ሲንጠባጠብ ቃጠሎ ሊያስነሳ ይችላል። በመሆኑም ፍተሻውን ለቦሎ ከመቅረብ አስቀድሞ ማከናወን በምርመራው ዕለት ከሚደርስ መጉላላት ያድናል።

በ2016 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በስተቀር አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ መወሰኑ ይታወሳል። በአገልግሎት ላይ ያሉት የቤንዚን ተሽከርካሪዎች ግን ገና ለዓመታት በመንገድ ላይ ይቆያሉ። እነርሱን በአግባቡ መጠበቅ የባለንብረቱን ወጪ ይቀንሳል፤ የሚተነፈሰውንም አየር ከብክለት ይታደጋል።