በጋባ ዳርቻ፤ የማይታየውን የውኃ መርዝ ስለ መመርመር

በኡጋንዳ ዋና ከተማ በካምፓላ፣ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር ጋባ የሚባል ሥፍራ አለ። ከተማይቱ የምትጠጣውን ውኃ ከ1920ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) ከዚህ ስትቀዳ ኖራለች። ነገር ግን የከተማይቱን እድፍ የሚያወርደው የናኪቩቦ ቦይ የሚፈስሰውም ወደዚያው ወደ መርቺሰን ወሽመጥ ነው። በዚህ እድፍ የሚፋፋ ሚክሮሲስቲስ የሚባል ደቂቅ ፍጥረት አለ፤ በበዛ ጊዜ ውኃውን አረንጓዴ ያለብሰዋል፤ ሚክሮሲስቲን የሚባል ጉበት የሚጎዳ መርዝም ያወጣል። መርዙ በወሽመጡ ውኃ ውስጥ መኖሩን ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል።

ይህን መርዝ ዓይን አያየውም፤ ማፍላትም አያጠፋውም። በ1996 በብራዚል በካሩዋሩ ከተማ፣ ኩላሊታቸው ታሞ ደማቸው በመሣሪያ ሲጣራላቸው ከነበሩት ሰዎች 50 ያህሉ በዚሁ መርዝ በተበከለ ውኃ ምክንያት ሞቱ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ1998 በአንድ ሊትር የመጠጥ ውኃ ውስጥ ከ1 ማይክሮግራም በላይ እንዳይገኝ መከረ።

ታዲያ ይህን ያህል ረቂቅ የሆነ ነገር በምን ይለካል? መልሱ የመጣው ከሐኪም ቤት ነው። ሰውነት እንግዳ ነገር ሲገባበት ያንኑ ለይቶ የሚይዝ፣ ባለሞያዎች አንቲቦዲ የሚሉትን ተከላካይ ያበጃል። በ1959 ገደማ ሮዛሊን ያሎውና ሰሎሞን በርሰን በኒው ዮርክ በዚህ ተከላካይና በጨረር አመንጪ ምልክት በደም ውስጥ ያለውን ኢንሱሊን ለኩ። በ1971 ደግሞ ኤቫ ኤንግቫልና ፒተር ፔርልማን በስቶክሆልም በጨረሩ ፈንታ ቀለም የሚያወጣ ኤንዛይም ተኩ። በ1989 በአሜሪካ ሚክሮሲስቲንን የሚይዝ አንቲቦዲ መዘጋጀቱ ታተመ። መርዙ ብቻውን እጅግ ትንሽ ስለሆነ ሰውነት አያውቀውም፤ ስለዚህ ከፕሮቲን ጋር አጣብቀው ለእንስሳ ይወጋሉ። በተለመደው ምርመራ የናሙናው ቀለም በደበዘዘ መጠን መርዙ መብዛቱ ይታወቃል።

ሆኖም አንቲቦዲው ተመሳሳይ መርዞችን በትክክል ላይለይ ስለሚችል፣ አጠራጣሪው ውጤት በሌላ መሣሪያ መረጋገጥ አለበት። ደግሞም ምርመራ ይናገራል እንጂ አያጠራም፤ እድፉን ከምንጩ መከልከል የሰው ሥራ ነው።

ነገሩ የጎረቤት ብቻ አይደለም፤ በአገራችን በቆቃ ሐይቅም ሚክሮሲስቲስና መርዙ ተገኝተዋል። እኛ መምህራን «ውኃን አፍልቶ መጠጣት» እያልን ስናስተምር ኖረናል። ትምህርቱ እውነት ነው፤ ማፍላት ተሐዋስያንን ይገድላልና አይተው። ነገር ግን አረንጓዴ የለበሰ ውኃ ቢፈላም እንደማይታመን ጨምረን ካላስተማርን ትምህርታችን ጎደሎ ይሆናል።