ከሐዲሠ ጂብሪል በስተጀርባ፦ የቀደር ክርክር እንዴት ተጀመረ?

አርበዒን ነወዊይን የቀራ ሰው ሁለተኛውን ሐዲሥ በቃሉ ይዞታል። ማንም የማያውቀው፣ የመንገድ ድካም የማይታይበት እንግዳ ወደ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መጥቶ ስለ ኢስላም፣ ስለ ኢማንና ስለ ኢሕሳን ይጠይቃል። ጠያቂው ጂብሪል ነበር። ከኢማን መሠረቶች መጨረሻ ላይ የተጠቀሰው በቀደር ማመን ነው፤ በደጉም በክፉውም። ይህን ከመድረሳ ጀምሮ እናውቀዋለን።

ብዙዎቻችን ልብ የማንለው ግን ሐዲሡ በሶሒሕ ሙስሊም ውስጥ የሚጀምረው ከእንግዳው መምጣት አለመሆኑን ነው። ኢማም ነወዊይ (ረሒመሁላህ) ለአርበዒናቸው ሲመርጡት መግቢያውን ትተውታል። ለሒፍዝ የታሰበች አጭር ኪታብ ናትና አያስገርምም። ታሪኩ ያለው ግን እዚያ መግቢያ ላይ ነው።

የሚተርኩት የሕያ ኢብኑ የዕመር የሚባሉ የበስራ ታቢዒይ ናቸው። በከተማቸው መዕበድ አል-ጁሀኒይ የሚባል ሰው ስለ ቀደር ከዚህ በፊት ያልተሰማ ነገር መናገር ጀምሯል። ተከታዮቹም ተራ ሰዎች አይደሉም፤ ቁርኣን ይቀራሉ፣ ዒልም ይፈልጋሉ። ይሁንና ቀድሞ የተወሰነም ሆነ የታወቀ ነገር የለም፣ ጉዳዩ ሁሉ ሲሆን ነው የሚታወቀው ይላሉ። የሕያና ባልደረባቸው ሑመይድ ኢብኑ ዐብዱረሕማን ለሐጅ ወይም ለዑምራ ሲወጡ ከሶሓቦች አንዱን አግኝተው ለመጠየቅ ተመኙ። አላህም ወደ መስጂድ ሲገቡ ከነበሩት ከዐብዱላህ ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) ጋር አገናኛቸው። አንዱ በቀኝ፣ ሌላው በግራ ሆነው አጀቧቸውና የከተማቸውን ወሬ ነገሯቸው። የኢብኑ ዑመር መልስ ለስላሳ አልነበረም። ከእነዚያ ሰዎች የጠሩ መሆናቸውን፣ ከእነሱ አንዱ የኡሑድን ተራራ የሚያህል ወርቅ ቢለግስ እንኳ በቀደር እስካላመነ ድረስ ተቀባይነት እንደሌለው ነገሯቸው። ከዚያ ነው ከአባታቸው ከዑመር (ረ.ዐ) የሰሙትን የጂብሪልን ሐዲሥ ያወሩላቸው።

ዐቂዳው በዚህ ግልጽ ሆነ። ነገር ግን ቁርኣን የሚቀሩ፣ ዒልም የሚፈልጉ ሰዎችን ወደዚህ ንግግር ምን አደረሳቸው?

መልሱን ለማግኘት የዘመኑን ዒራቅ ማየት ግድ ይላል። በ61 ዓመተ ሂጅራ (680) የነቢያችን የልጅ ልጅ ሑሰይን (ረ.ዐ) በከርበላ ተገደሉ። በ63 መዲና በሐራው ውጊያ ተደፈረች። በ73 መካ ተከብባ ዐብዱላህ ኢብኑ ዙበይር (ረ.ዐ) ተገደሉ። ያንን ከበባ የመራው ሐጃጅ ኢብኑ ዩሱፍ በ75 የዒራቅ ገዥ ሆኖ ተሾመና ለሃያ ዓመት ያህል ቆየ። በዚህ ሁሉ መካከል የዑመውያ ቤተ መንግሥት ገጣሚዎች የኸሊፋው ሥልጣን የአላህ ውሳኔ መሆኑን ያወድሱ ነበር። አላህ ወስኖ ከሰጠው ደግሞ ማን ምን ይላል?

ኢብኑ ቁተይባ እንደመዘገቡት መዕበድ ከዐጧእ ኢብኑ የሳር ጋር ሆኖ ወደ ሐሰን አል-በስሪይ ይመጣ ነበር። አቤቱታቸው አንድ ነው፦ እነዚህ ነገሥታት የሙስሊሞችን ደም ያፈሳሉ፣ ገንዘባቸውን ይወስዳሉ፣ ከዚያም ሥራችን በአላህ ቀደር ነው ይላሉ። ሐሰንም የአላህ ጠላቶች ዋሹ ብለው መለሱላቸው።

እዚህች ላይ ትንሽ እንቆይ። ሐሰን አል-በስሪይ በ21 ዓ.ሂ መዲና ተወልደው በ110 በስራ ያረፉ፣ ዙህዳቸውና ዒልማቸው የተመሰከረላቸው ታላቅ ኢማም ናቸው። ለኸሊፋ ዐብዱልመሊክ ስለ ቀደር ጻፉት የሚባል ደብዳቤም አለ፤ የእሳቸው ነው አይደለም በሚለው ላይ ተመራማሪዎች እስከ ዛሬ አልተስማሙም። በሌላ በኩል በቀደር ማመናቸውን የሚያሳዩ ንግግሮች በሱና ዑለማዎች ዘንድ ተላልፈዋል። አንዳንዶች ሁለቱን ወሬዎች እንደሚጋጩ ያዩአቸዋል። ለእኛ አይጋጩብንም። ሁሉም ነገር በአላህ ዕውቀትና ውሳኔ ሥር መሆኑን የሚያምን ሰው፣ ሰይፉን እየጠረገ «ቀደር ነው» ለሚል ገዳይ ዋሽተሃል ማለት ይችላል። ቁርኣንም ራሱ በሱረቱል አንዓም 148ኛው አንቀጽ ላይ በአላህ መሻት ያሳበቡትን ሙሽሪኮች አስተባብሏቸዋል።

የመዕበድ ጥፋት ሌላ ነው። ከበዳዩ እጅ ሰበቡን ለመንጠቅ ሲል የኢማንን አንድ ምሰሶ ነቀለ። አይጥ አስቸገረችኝ ብሎ ጎተራውን እንዳቃጠለ ገበሬ ማለት ነው። በ80 ዓ.ሂ ገደማ ተገደለ፤ ያስገደለው ሐጃጅ ነው ወይስ ዐብዱልመሊክ በሚለው ላይ የታሪክ ጸሐፊዎች ይለያያሉ። ከእሱ በኋላ በደማስቆ ጘይላን ተነሳ። ዑመር ኢብኑ ዐብዱልዐዚዝ (ረሒመሁላህ) ጠርተው እንደተከራከሩትና እሳቸው በሕይወት ሳሉ እንደተቆጠበ ይወሳል። በሂሻም ዘመን ግን ተገደለ። ጘይላን ገዥዎቹንም አጥብቆ ይተች ስለነበር የተገደለው ለዐቂዳው ነው ወይስ ለፖለቲካው የሚለው ጥያቄ አሁንም ክፍት ነው።

ታዲያ ነገሩን «ነፃ ፈቃድ የዐመፀኞች፣ ጀብር የቤተ መንግሥት» ብሎ በሁለት መስመር መክፈል የሚወድ ሰው በጀህም ኢብኑ ሶፍዋን ይቸገራል። ጀህም ከሁሉም በላይ ጀብሪያ ነበር፤ ሰው ነፋስ እንደሚወስደው ነገር ነው፣ የራሱ ሥራ የለውም ይል ነበር። ይኸው ሰው ግን በኹራሳን በዑመውያዎች ላይ ከተነሳው ከሐሪሥ ኢብኑ ሱረይጅ ጋር ተሰልፎ በ128 (746) ተገደለ። ሰው ሁልጊዜ በሚያምንበት ልክ አይሠራም።

በኋላ ዑለማዎች ነገሩን በስፋት አብራሩት። ኢማም አል-አሽዐሪይ (324 ዓ.ሂ ያረፉት) ሥራን የሚፈጥረው አላህ ነው፣ ባሪያው ደግሞ ይከስበዋል አሉ። ማቱሪዲዮች ለባሪያው ምርጫ ሰፋ ያለ ቦታ ሰጡ። የቃላቱ ልዩነት ብዙ ኪታብ ያስጻፈ ስለሆነ እዚህ አንገባበትም። በብርድ የሚንቀጠቀጥ እጅና ሰውን ለመምታት የሚነሳ እጅ አንድ አለመሆናቸውን ግን ማንም ያለ ኪታብ ያውቀዋል።

ከማብራሪያዎቹ ሁሉ ለኑሯችን የሚቀርበው አደምና ሙሳ (ዐለይሂማ ሰላም) ስለተከራከሩበት ሐዲሥ የተሰጠው ነው። አደም በቀደር ተከራክረው ረቱ። ኢብኑ ተይሚያና ሌሎችም ሲያስረዱ፣ ቀደር የሚጠቀሰው ለደረሰ ሙሲባ እንጂ ለሠሩት ነውር ማስተባበያ አይደለም ይላሉ። ይህን ወደ ሰፈራችን እናምጣው። ከወሎ፣ ከአርሲ፣ ከጅማ የወጡ ልጆቻችን በጅቡቲ በኩል ወደ የመን ሲሻገሩ ባሕር ላይ ይቀራሉ። እናት ፍራሽ ላይ ተቀምጣ «የአላህ ቀደር ነው» ስትል ሶብር አድርጋለች፣ አጅሯም አላህ ዘንድ ነው። ጀልባዋ ከአቅሟ በላይ መጫኗን እያወቀ ገንዘቡን የተቀበለው ደላላ ያንኑ ቃል ይዞ ለቅሶ ሲደርስ ግን፣ ሐሰን አል-በስሪይ ውሸታሞች ያሏቸው ሰዎች ቃል ነው በአፉ ያለው። ቃሉ አንድ ነው፤ ተናጋሪው ግን አንዱ የተጎዳ፣ ሌላው የጎዳ ነው።

ሶሓቦች ይህ ሁሉ ክርክር ሳይነሳ በቀደር እንዴት ይኖሩበት እንደነበር የሚያሳየን የዑመር (ረ.ዐ) ጉዞ ነው። ኸሊፋው ወደ ሻም ሲጓዙ ሰርጝ የምትባል ቦታ ላይ አቡ ዑበይዳ ኢብኑል ጀራሕና የጦር አዛዦቹ ተቀብለው ሻም ውስጥ ወረርሽኝ መግባቱን ነገሯቸው። ዑመር ቀደምት ሙሃጂሮችን አስጠርተው አማከሩ፤ ተለያዩ። ገሚሱ ለጉዳይ ወጥተሃልና አትመለስ አለ፣ ገሚሱ የቀሩትን የነቢዩ ባልደረቦች ይዘህ በሽታ ውስጥ አትግባ አለ። አንሷሮችም እንዲሁ ተለያዩ። ከመካ መከፈት ጋር የተሰደዱ የቁረይሽ ሽማግሌዎች ሲጠሩ ግን በአንድ ድምፅ ተመለስ አሉ። ዑመርም ጠዋት እንደሚመለሱ አወጁ።

አቡ ዑበይዳ ከአላህ ቀደር ለመሸሽ ነውን ብለው ጠየቁ። ዑመር ይህን ቃል ከአቡ ዑበይዳ ባይሰሙት በወደዱ፤ አዎ፣ ከአላህ ቀደር ወደ አላህ ቀደር ነው የምንሸሸው አሏቸው። ምሳሌም ጨመሩ፦ ግመሎችህን ይዘህ አንዱ ወገኑ ለምለም፣ ሌላው ደረቅ የሆነ ሸለቆ ብትደርስ፣ በየትኛውም ብታሰማራ በአላህ ቀደር አይደለምን? ለጉዳይ ርቀው የነበሩት ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ ሲመጡ ወረርሽኝ ወዳለበት አገር አትግቡ፣ ካላችሁበትም ሸሽታችሁ አትውጡ የሚለውን የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) መመሪያ አወሩ። ዑመር አላህን አመስግነው ተመለሱ። በ2012 ኮሮና ገብቶ መስጂዶቻችን ሲዘጉ ከአፍ አፍ ሲዞር የነበረው ይህ ታሪክ ነው። ቀጣዩ ግን ብዙ አልተወራም።

አቡ ዑበይዳ ወደ ሠራዊታቸው ተመለሱ። ዑመር ለጉዳይ እፈልግሃለሁ ብለው ጻፉላቸው። አቡ ዑበይዳ ከበሽታው ሊያወጧቸው መሆኑ ገባቸውና ከሙስሊሞች ሠራዊት ራሴን አልለይም ብለው መለሱ። ደብዳቤው ሲነበብ ዑመር አለቀሱ፤ ሰዎች አቡ ዑበይዳ ሞተ እንዴ ብለው ጠየቁ። ዑመር እንደገና ጻፉ፦ ሕዝቡን ካለበት ረግረጋማ መሬት አውጥተህ ከፍ ወዳለ፣ አየሩ ወደ ጠራ ቦታ ውሰደው። አቡ ዑበይዳ ትእዛዙን ተቀብለው ሲዘጋጁ ወረርሽኙ ያዛቸውና በ18 ዓ.ሂ (639) አረፉ። የተተኩት ሙዓዝ ኢብኑ ጀበልም ብዙ ሳይቆዩ ተከተሉ። ከእሳቸው በኋላ ዐምር ኢብኑል ዓስ ተነስተው ሕዝቡ ወደ ተራሮቹ እንዲበተን አዘዙ። የተቃወሟቸው ነበሩ፤ እሳቸው ግን ይዘውት ወጡ፣ በሽታውም ተነሳ። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚሉት ዑመር ይህን በሰሙ ጊዜ አልጠሉትም።